የቼስ ዳኛዋ ሰርካዲስ እና ዝም ያለው ሰሌዳ

ሰርካዲስ ፈንታሁንን ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቃታል። ማመልከቻ ሊያስጽፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ሊያደርግ ወይም የሰርግ ጥሪ ሊያሳትም ወደ ሱቋ ያልገባ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን የምናውቃት በሌላ ሥራዋ ነው። የቼስ ክለባችን ዳኛ ነበረች።

ቼስ ያስተማሯት አባቷ ናቸው። አቶ ፈንታሁን የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። የሩቅ አገር ጥሪ በሦስት ደቂቃ በሚቆጠርበት ዘመን «ሦስት ደቂቃዎ አልቋል፤ ይጨምራሉ?» ሲሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው። ልጃቸውንም ሲያጫውቷት ዓይናቸው ከግድግዳው ሰዓት አይነቀልም ነበር ይባላል። እሷም በእሳቸው ወጣች። እኔ መጀመሪያ ያወቅኋት በ1996 ዓ.ም. ነው። ከኮምቦልቻ ስመጣ ሚኒባሱ ሐረጎ ዳገት ላይ ጎማው ፈነዳና አሥራ ስድስት ደቂቃ ዘግይቼ አዳራሹ ደረስኩ። ስሜ ትይዩ ዜሮ ተጽፎ፣ እስክሪብቶው ተከድኖ ጠበቀኝ።

«እህቴ፣ አንድ ደቂቃ እኮ ናት!» አልኳት።

«አንድ አይደለችም፤ አሥራ ስድስተኛዋ ናት» አለችኝ።

ያን ቀን ጠላኋት። ውዬ አድሬ ግን እንደሷ ያለ ዳኛ እንደሌለ ገባኝ። ለዘመድም ለባዳም እስክሪብቶዋ አንድ ነበር። ስሜ ምንይሉ ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ የቴክኒክ መምህር ነኝ። ይህን የምጽፈው በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በእሷና በአንድ አዛውንት ተጫዋቻችን ላይ የደረሰውን በቅርብ ስላየሁት ነው፤ ያላየሁትን ደግሞ ከራሷ አፍ ሰምቼዋለሁ።

በዚያ ዓመት መግቢያ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ተከለከለ። በየእሑዱ የምንጫወትበትን አዳራሽ የሚጠብቁት ሰው ሰርካዲስን በር ላይ አስቁመው «ልጄ፣ ሦስት ሰው እንኳ ከገባ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት። ሃያ አምስት ሰሌዳ በጆንያ አስራ ወደ ሱቋ ወሰደች። የሞባይል ኢንተርኔትም ጠፍቶ ነበር። በመስመር ስልክ የሚገባው ግን አልፎ አልፎ ቢቆራረጥም ይሠራል። እሷም የመስመር ስልክ ያለውን ተጫዋች ሁሉ ቆጠረች። ከደሴ ስምንት፣ ከኮምቦልቻ አምስት፣ ከገራዶ አንድ። አሥራ አራት ሰው ሆንን። በኢንተርኔት ሻምፒዮና እንጀምር አለች።

ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፋ ላከችልን። በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ያልገባ ዜሮ ያገኛል። መስመሩ የተቆረጠበት አንድ ጊዜ ብቻ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። በጨዋታ ሰዓት ሞባይል ይዘጋል፤ ስልክ ውስጥ እርምጃ የሚያማክር ፕሮግራም አይጠፋምና። መስመሩ ሳይቆረጥ ዝም ያለ ተጫዋች የራሱ ሰዓት ይቀጣዋል፤ ዳኛ አይነካውም። እኛም ደስ ብሎን ፈረምን። ደንቡ ልክ ነበር። ጊዜው ነው ልክ ያልነበረው።

አራተኛው ዙር እሑድ ነበር። በፊቱ ባለው ሐሙስ ግን ሁለት ሰዎች ወደ ሱቋ ገቡ። አንደኛው ቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ነው፤ ሌላው ቃል አልተናገረም። በዚያ ሰሞን ኮፒ ቤት ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ እንግዳ ይመጣበት ነበር፤ ወረቀት የሚባዛው እዚያ ነውና። ጎልማሳው ከማተሚያው ላይ አንድ ወረቀት አነሳ። የእሑዱ ድልድል ነው።

«ይሄ ምንድን ነው? ‹ጦሳ ሰባት ከቦርከና ሃምሳ አንድ፣ እሑድ አራት ሰዓት።› ምን ማለት ነው?»

«የቼስ ጨዋታ ነው ጌታዬ። ስሞቹ በኢንተርኔት የምንጠራባቸው ናቸው።»

«ሰው በገዛ ስሙ የማይጠራ ምን የሚደብቀው ቢኖር ነው? በይ… እውነተኛ ስማቸውን ከጎን ከጎኑ ጻፊልኝ።»

የአሥራ አራታችንንም ስም ጻፈች። ወረቀቱን አጥፎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተና «እንመለሳለን» ብሎ ወጣ። ለማናችንም አልነገረችንም። ብትነግረን እንሸሻለን ብላ ሰጋች፤ ባትነግረን ደግሞ አሳልፋ የሰጠችን መሰላት። ሦስት ቀን እህል በአግባቡ አልቀመሰችም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሱቋን ከፈተች፤ የብረቱን በር ግማሹን ብቻ ወደ ላይ ገፍታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ልክ አራት ሰዓት ላይ ሰባቱም ሰሌዳ ተጀመረ። እኔ ከገራዶው ሀፊዝ ጋር ነበርኩ። ቦርከና ሃምሳ አንድ የሚባሉት የኮምቦልቻው ጋሼ ሸረፈዲን ደግሞ የደሴውን ብሩን ገጥመው ነበር።

ጋሼ ሸረፈዲን ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር። የሽመና መኪና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው ለይላ ጅዳ ናት፤ ፊቷን እንዲያዩ ብላ ነው ኢንተርኔቱን ያስገባችላቸው። ዘግይተው አያውቁም። አሥር ደቂቃ ቀድመው ይገቡና «አሰላሙ ዐለይኩም ዳኛ፣ ሸረፈዲን ደርሷል» ብለው ይጽፋሉ። ያን ቀንም እንዲሁ ጽፈዋል።

አሥራ ሰባተኛውን እርምጃ የተጫወቱት ከአራት ሰዓት ተኩል አንድ ደቂቃ ሲያልፍ ነው። ብሩ ወዲያው መለሰ። ከዚያ በኋላ የጋሼ ሸረፈዲን ተራ ነበር፤ ሰሌዳው ግን ዝም አለ።

ሰዓታቸው ላይ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነበራቸው። ሰርካዲስ መጀመሪያ እያሰቡ ነው አለች። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ሰባት ሆነ። እሳቸው በአንድ እርምጃ ላይ ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይተው እንደማያውቁ ታውቃለች። ከስማቸው ጎን ያለችው አረንጓዴ ነጥብ በርታለች፤ መስመሩ አልተቆረጠም ማለት ነው። ስለዚህ በደንቡ ምንም ማድረግ አይቻላትም።

ብሩ ጻፈላት። «ዳኛ፣ ጋሼ ጠፉብኝ እኮ።»

«ሰዓታቸው እየሄደ ነው። ጠብቅ» ብላ መለሰችለት።

አሥር ደቂቃ ሲሞላ የራሷን ደንብ ጥሳ ደወለችላቸው። የመስመር ስልካቸው ይጠራል እንጂ አይነሣም፤ ሞባይላቸው ዝግ ነው። እንዲዘጋ ያዘዘችው እሷ ናት። ደግማ ደወለች። ከዚያ ድንገት ያ የታጠፈ ወረቀት ታወሳት። የሳቸው ስም በሷ እጅ ጽሑፍ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ወስደዋቸው ቢሆንስ? ስልካቸውስ አሁን በማን እጅ ነው? ደጋግሞ የሚደውለው ማን እንደሆነ እያየ ያለ ሰው ቢኖርስ?

«እጄን ከስልኩ ላይ አነሳሁና ጭኔ ሥር ከተትኩት» አለችኝ በኋላ። «እንደዚያ ሆኜ አምስት ደቂቃ ተቀመጥኩ ምንይሉ። አምስት ሙሉ ደቂቃ። ሰዓታቸው ሲቀንስ እያየሁ።»

ያነቃነቃት ያቺው አረንጓዴ ነጥብ ናት። ሰውን የሚወስድ ኮምፒውተሩንም ይወስዳል ወይም ያጠፋዋል ብላ አሰበች። ኮምፒውተሩ በርቷል፤ ጨዋታው ተከፍቷል። ሰውየው እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው ማለት ነው። እና ለምን አይጫወቱም?

እኔ በዚያ ሰዓት ሀፊዝን በአንድ ግንብ በልጬ ተመችቶኛል። በሰሌዳው ጎን ጽሑፍ ብቅ አለ። «ምንይሉ፣ ጨዋታህን ተው። ስልክህን አሁን ክፈት።» የሰርካዲስ ነው ብዬ ለማመን አቃተኝ፤ እሷ ሰው ጨዋታ እንዲያቋርጥ አታዝም። ስልኬን ከፈትኩ፤ ወዲያው ጮኸ።

«ጋሼ ሸረፈዲን ቤት ሂድ።»

«ምን ሆኑ?»

«አላውቅም። ኻያ ደቂቃ ሊሞላ ነው አልተጫወቱም። ሩጥ በእናትህ፤ ስልኩን እንዳትዘጋው!»

ቤታቸው ከእኔ ቤት በቦርከና ወንዝ በኩል አሥር ደቂቃ ያስኬዳል። እየሮጥኩ ሳለ የሐሙሱን ጉዳይ በስልክ ነገረችኝ። ስሜም ወረቀቱ ላይ እንዳለ ሰማሁ። የሰፈራቸው መታጠፊያ ላይ አንድ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። ውሸት አልጽፍም፤ እግሬ ቆመ። ሲጋራ የምገዛ መስዬ ኪዮስክ ጥግ ተጠጋሁ፤ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። መኪናው ውስጥ ሰው የለም። አጥሩን ታክኬ አለፍኩት።

የሰፈሩ በር ሁሉ ዝግ ነው፤ በእሑድ ቀን፣ በዚያ ፀሐይ። የጋሼን የቆርቆሮ በር ደበደብኩት። መልስ የለም። ከጎን ያለው በር ስንጥቅ ያህል ተከፈተና የጎረቤታቸው የእትዬ ዘይቱና ዓይን ታየኝ።

«ሂድ ልጄ፣ አትቁም እዚህ። ወስደዋቸዋል።»

«ማን አየ?»

«ያየስ የለም። ጧት መኪና ቆሞ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ እንደሱ እያለ ነው። ያረቢ፣ አንተም ትያዛለህ!»

በሩን ገፋሁት። ከውስጥ ተቀርቅሯል። «እትዬ ዘይቱና፣ ሰው ተወስዶ በሩን ከውስጥ ማን ቀረቀረው?» አልኳቸው።

በራቸው ወለል ብሎ ተከፈተ፤ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ወጡ። «ውይ! ስኳር አለባቸው እኮ!»

«በሩ ከውስጥ ተዘግቷል» አልኩ በስልኩ።

«ስበረው» አለች ሰርካዲስ።

ወዲያው ከእሷ በኩል የብረት በር ሲንኳኳ ሰማሁ። ቀጥሎ የወንድ ድምፅ መጣ፤ ጥርት ብሎ።

«የምን በር ነው የሚሰበረው?»

ሐሙስ የመጣው ጎልማሳ ነበር። ግማሹን በር ጎንበስ ብሎ አልፎ፣ ሳታየው አጠገቧ ቆሟል። እኔ በኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቆሜ በረድኩ። አውራ ጣቴ ስልኩን ሊዘጋ ቃጥቶ ነበር። በሌላው በኩል ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ስልኩን ትጥላለች፣ «ተሳስተው ነው የደወሉት» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው።

«የሽማግሌ ቤት ነው» አለች። «ብቻቸውን ናቸው፤ ወድቀዋል መሰለኝ።» ቀጥላም ጮኸችብኝ። «ምንይሉ! ምን ትጠብቃለህ? ስበረው!»

እትዬ ዘይቱና ዘነዘናቸውን ይዘው መጡ። በሦስተኛው ምት መቀርቀሪያው ተነቀለ። ጋሼ ሸረፈዲን ከጠረጴዛው ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ሸሚዛቸው በላብ ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል፤ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቶ ያንኮራፋሉ። ጠረጴዛው ላይ የመርፌያቸው ብልቃጥ አለ። ከጎኑ በሰሐን የተከደነ ቁርስ፣ ሳይነካ። የስኳር መድኃኒቱን ተወግተው፣ ከጨዋታው በኋላ እበላለሁ ብለው ተቀምጠዋል።

ተሸክመን አስፋልት ድረስ አወጣናቸው። የመጀመሪያው ባጃጅ አየንና ፍጥነት ጨምሮ አለፈ። እትዬ ዘይቱና መንገዱ መሃል ቆሙና ሁለተኛውን «ወላሂ ሳትገድለኝ አታልፍም!» ብለው አስቆሙት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰርካዲስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ነው። ጎልማሳው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አሳዪኝ» አላት። ሰሌዳውን አሳየችው፤ የትኛው ሰዓት የማን እንደሆነ፣ ተራው የማን እንደሆነ ነገረችው። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷቸዋል።

«ይሄ ሲያልቅ ምን ይሆናል?»

«ይሸነፋሉ።»

«ሞተው ቢሆንም?»

«ደንቡ እንደሱ ነው የሚለው» አለች። ደንቡን የጻፈችው ራሷ መሆኗን ግን አልነገረችውም።

ሁለቱም ቁጥሩ ሲቀንስ ያያሉ። እኔ ጤና ጣቢያ ከገባሁ በኋላ ስልኬ ባትሪው አልቆ ተዘጋ፤ ስለዚህ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ምንም ሳታውቅ ከዚያ ሰው ጋር ተቀመጠች። ያን ጊዜ ስታወራ ዛሬም ፊቷ ይለዋወጣል። ሰዓቱ ዜሮ ሲሆን ሰሌዳው «ነጭ አሸነፈ» አለ። ሰውየው ተነሣ።

«ነገ ሦስት ሰዓት፣ ከነመዝገብሽ ትመጪያለሽ» አለና የት እንደሆነ ነገራት። በሩ ላይ ዞር ብሎ «ሰውየውስ?» አላት። «አላወቅሁም» አለችው። ወጣ።

እኔ ከነርሷ ስልክ ለምኜ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ግሉኮስ በደም ሥራቸው ገብቶ ዓይናቸውን ገልጠዋል። ግራ ተጋብተው «ለይላ መጣች?» ብለውኛል። ይህን ስነግራት ስታለቅስ ሰማኋት።

በዚያው ቀን ሱቋን ዘግታ መጣች። በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወርዱ ፍተሻ ነበር፤ ሁሉም ወርዶ መታወቂያ አሳየ። መታወቂያዋን ሲመልሱላት ስሟን ያወቁት ስለመሰላት ቆማ ቀረች፤ አንዲት ሴት እጇን ይዛ አሳፈረቻት። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ጋሼ ሸረፈዲን ትራስ ተደግፈው ሾርባ እየጠጡ ነበር።

«አብሽሪ ልጄ፣ አለሁ» አሏት። «ስንት ጻፍሽብኝ?»

«ገና ምንም አልጻፍኩም ጋሼ። ብሩ ደውሎልኝ ነበር፤ ሲሻልዎ ከአሥራ ስምንተኛው እርምጃ እንቀጥል ብሏል።»

«የለም። ሰዓቴ አልቋል። ለሰው ዜሮ ስትጽፊ ኖረሽ ለእኔ ሲሆን እጅሽ አይታጠፍ። ዜሮ ጻፊ።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈረሴን ሊበላብኝ ነበር።»

ጻፈች። የእኔንና የሀፊዝን ጨዋታ ምን እንደምታደርገው ግን ቸገራት፤ ያስነሣችኝ ዳኛዋ ራሷ ናት። ሀፊዝ «እኩል እንውጣ» አለ፤ ተስማማሁ። በግንብ እበልጥ እንደነበር ግን ለማንም ሳልነግር አላለፍኩም።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ሄደች። ኮሪደር ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል አስቀመጧት። ከዚያ አንድ ሌላ ሰው የአሥራ አራታችንን ስም አንድ በአንድ እያነበበ ማን እንደሆንን፣ ምን እንደምንሠራ ጠየቃት። ጃኬት የለበሰውን ሰው ዳግመኛ አላየችውም፤ ስለ እሑዱ ምን ብሎ እንደጻፈም እስካሁን አናውቅም። ሻምፒዮናው ፈቃድ እስኪያገኝ እንዲቆም፣ ማናቸውም ድልድል ከመታተሙ በፊት እንዲታይ አስፈርመው ለቀቋት። ከእኛ መካከል ሦስቱ ይህን ሲሰሙ ከሻምፒዮናው ወጡ። አልፈረድንባቸውም።

ፈቃዱ የመጣው በጥር መጨረሻ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሰርካዲስ ደንቡን እንደገና ጻፈችው። ስልክ አይዘጋም፤ ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ፊቱ ተደፍቶ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ተጫዋች ቤቱን በእግሩ ሄዶ ማንኳኳት የሚችል የአንድ ሰው ስልክ ያስመዘግባል። ተጫዋች ከልማዱ ውጪ ዝም ካለ ዳኛዋ ትደውላለች፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ለዜሮ የተሰጠው አሥራ አምስት ደቂቃም አልተነካም። ብሩ «ዜሮውን ላላ አታደርጊውም እንዴ?» ቢላት «ዜሮ ሰው አይገድልም» አለችው።

ጋሼ ሸረፈዲን የእትዬ ዘይቱናን ስልክ አስመዘገቡ። እትዬ ዘይቱናም ቁርስ መብላታቸውን ሳያዩ ኮምፒውተሩን አያስከፍቷቸውም ነበር። አምስተኛው ዙር ላይ በሦስተኛው ሰሌዳ እኔን ገጠሙኝ። አንድ ጊዜ ለስድስት ደቂቃ ዝም አሉ። ስልኬን አነሳሁ፤ ሰርካዲስም ደሴ ሆና የስልክ ቁጥራቸውን እየመታች እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ከዚያ ንግሥታቸውን አንቀሳቀሱ። በአርባ አንደኛው እርምጃ አሸነፉኝ።